ሟርት የፈሩት ኢንጂነር

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል ሰው፣ ሙት ሊወቅስ ሲዳዳው። እኔን ግን ያድርገኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝም፤ ኢንጂነር ፈይሳ በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት ያልነገርኳቸውን ነገር እዚህ አልጽፍም። እንዲያውም ያኔ ያልኳቸው ከዚህ ይብሳል።

ማረፋቸውን የሰማሁት ጊንጪ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነው። ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ ልጅ ደውሎ «ኢንጂነር እኮ አረፉ» አለኝ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ሐኪሙ ነግሯቸው የለ?» የሚል ነበር። «አስቱ፣ ሰው ሞተ ስልሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው፣ ሰው ሞቶ እንዲህ አይባልም። በማግስቱ ጥቁር ለብሼ አምቦ ሄድኩ። የምንወደውንም የምንንቀውንም እኩል እንቀብራለን፤ ከቀብር መቅረት አይታሰብም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ያነበበው የወንድማቸው ልጅ ነው። ስለ ትውልዳቸው፣ ስለ ደግነታቸው ካነበበ በኋላ ድምፁን ከፍ አደረገና «ኢንጂነር ፈይሳ የሰውን ስም ከአማርኛ ፊደል ወደ ቁቤ፣ ከቁቤ ወደ አማርኛ ፊደል የሚመልሰውን የኮምፒዩተር ሥራ በራሳቸው ጭንቅላት አፍልቀው የአምቦን ስም ያስጠሩ ባለሙያ ነበሩ» አለ። ቀጥሎም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብሎ ደመደመ። ሰው ተንሰቀሰቀ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጭኜ ነበር፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ለቅሶ መስሏቸው ትከሻዬን ደባበሱኝ።

ያ ሥራ የእሳቸው አልነበረም። ሌሊሴ የምትባል የእንጭኒ የኮምፒዩተር መምህርት የሠራችው ነው። ስሟን ፍቀው የራሳቸውን ስም የጻፉበት እሳቸው ናቸው፤ ሲፍቁም አይቻለሁ። ሌሊሴ ራሷ ያን ቀን ከእኔ ሁለት ሰው አለፍ ብላ ቆማ የሕይወት ታሪኩን ትሰማ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ኢንጂነር የሚለውን ማዕረግ ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄአቸው «ሰው ነው የሰጠኝ፤ ሰው የሰጠሽን እምቢ አይባልም» አሉኝ። ጠቅላላ አመላቸው በዚህች መልስ ውስጥ አለ። ቢሯችን ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በላይ ነበር። ከታች ቆርቆሮ ሲወረወር እኛ ከላይ ከደንበኛ ጋር እንጮሃለን። ኢንጂነር በዚያ ሙቀት ኮት አያወልቁም። የደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፉባቸው ግን አላየሁም። ሲስቁ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል፣ ሳቃቸው ያምራል፣ ደንበኛም የሚያመጣልን ያ ሳቅ ነበር። እኔ እዚያ ቤት ፕሮግራም ጻፊ ሆኜ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ለምን ቆየሽ ለሚለኝ፣ ሥራ እንደ ልብ የሚገኝበት ከተማ ይጠቁመኝ።

ኢንጂነር በዚህ ዓለም የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ሟርት። ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ መናገር ክፉውን መጥራት ነው ብለው ያምናሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ እናቴም ታምናለች። እሳቸው ግን መናገር ብቻ አይደለም፣ መዘጋጀትንም ከሟርት ይቆጥሩት ነበር። በሐምሌ ጃንጥላ ይዤ ከወጣሁ «ምነው? ፀሐይ አልተመቸሽም?» ይሉኛል። የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ ሊሸጥ የመጣውን ሰው «በቤቴ እሳት ልታስገባ ነው!» ብለው ደረጃውን አስወርደውታል። ሥራችንን በሌላ ዲስክ ላይ ልገልብጥ ስል ሦስቴ እንትፍ እንትፍ ብለው፣ ትከሻቸውን አቧራ እንደያዘው ሰው በጣታቸው ጫፍ ያራግፉና «አታሟርቺ!» ይላሉ። ይቺ ትከሻ ማራገፍ ዛሬም ከዓይኔ አትጠፋም።

የቢሮው ቁልፍ ነገርማ ይለያል። መለዋወጫ ቁልፍ አልነበረንም፤ ሁለተኛ ቁልፍ መያዝ የመጀመሪያው እንዲጠፋ መመኘት ነው። እንደተፈራው ጠፋ። በሩ ተሰበረ። አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ሊገዙ ወደ ታችኛው ሱቅ ወረዱና ይዘው ሲመለሱ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። «ሌሎቹስ?» አልኩ። «ለሻጩ ትቼለት መጣሁ» አሉ። ባለ ሱቁ ለአንድ ሳምንት የሚስቅበት አገኘ። የእኛን ቢሮ መክፈቻ መሳቢያው ውስጥ ይዞ እሱ ራሱ «ኢንጂነር፣ ሌባ ብሆንስ?» ሲላቸው «አታሟርት!» አሉት።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፤ ከባድ አይደለም። ፕሮግራም ማለት ለማኝ ነው። ሥራ ሊሠራ ሲል ከኮምፒዩተሩ ሚሞሪ ላይ ቦታ ይለምናል። ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጠዋል። አንዳንዴ ግን ይሞላበትና «የለኝም» ይላል። ጨዋ ፕሮግራም በለመነ ቁጥር ተሰጠኝ ወይስ ተከለከልኩ ብሎ ያያል። ያላየው ፕሮግራም ያልተሰጠው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ወንበሩ መኖሩን ሳያይ እንደተቀመጠ ሰው ይወድቃል፣ የያዘውንም ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ይኸው ነው። ጠቅላላ ጥንቃቄው «ተከልክዬ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንግዲህ ይህች «ቢሆንስ» እኛ ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚደርስባት ገምቱ።

የሌሊሴ ኮድ እጃችን የገባው ኔትወርክ ከአካባቢያችን ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ነው። ያኔ ፕሮግራምም እንደ ዘፈን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። በደንዲ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለማዳበሪያ ክፍፍል አባላቱን እንድንመዘግብለት ጠይቆናል። ችግሩ ስም ነው። አንዱ ገበሬ በአሮጌው ወረቀት በአማርኛ ፊደል፣ በአዲሱ በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ ይጻፍና ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። አንድ የአዲስ ዓለም አስተማሪ ይህን ችግር የሚፈታ ኮድ በፍላሽ አመጣልን፤ «የእንጭኒዋ ሌሊሴ ሥራ ነው፣ ለሁሉም ሰው ነፃ ነው» ብሎ።

ፋይሉን ለኢንጂነር ከፈትኩላቸው። ከሁሉ በላይ የአጠቃቀም ፈቃዱ ተጽፏል። ላይሰንስ የሚባለው ነው፤ በእንግሊዝኛ ረጅምና አሰልቺ ይሆናል። ሌሊሴ ከእንግሊዝኛው ሥር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አሳጥራ አስቀምጣዋለች፦ «ውሰዱት፣ ተጠቀሙበት፣ ለውጡት፣ ካሻችሁም ሽጡት። ይህን ጽሑፍና ስሜን ብቻ ካለበት አታንሱ። ቢበላሽ ግን ዋስ አይደለሁም።» ከዚያ ስሟ ከነአባቷ፣ ከዚያ እንጭኒ።

ኢንጂነር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«‹ቢበላሽ›?» አሉ። «ገና ሳይጀመር ‹ቢበላሽ›?»

«ኢንጂነር፣ ነፃ ኮድ ሁሉ እንዲህ ይላል። ደንቡ ነው።»

«ደንብ አይደለም፣ ሟርት ነው። አጥፊው።»

«ካጠፋነው የመጠቀም መብት የለንም። የጠየቀችው እኮ ይቺኑ ብቻ ነው።»

«እኔ ለደንበኛ ‹ዋስ አይደለሁም› ብዬ ዕቃ ልሰጥ? አምቦ ውስጥ ነው የምኖረው እኮ!»

አላጠፋም አልኳቸው። ወንበሬን ገፋ አድርገው ራሳቸው በሁለት ጣታቸው አጠፉት። ፈቃዱ ሄደ፣ ስሟም አብሮ ሄደ። በባዶው ቦታ የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ከፊቱ «ኢንጂነር» መጨመሩንም አልዘነጉም። «ቢበላሽ» ማለት ሟርት ከሆነ፣ በሰው ስም ላይ የራስን ስም መጻፍ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ማሳመር» አሉኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ብላቸው እንደ ቀልድ ሳቁ።

በዚያ ቢበቃቸው ጥሩ ነበር። ከዚያ ወደ ታች ወረዱ።

«‹ቦታ ከተከለከልኩ›...» እያሉ አነበቡ። «እዚህም ‹ቦታ ከተከለከልኩ›፣ እዚህም ‹ከተከለከልኩ›... ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል? በየመስመሩ ታሟርታለች!»

«ስለምትጠነቀቅ ነው። የምትሠራው በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ነው፤ ሚሞሪው ትንሽ ነው።»

«የእኔ ላፕቶፕ ተከልክሎ ያውቃል?»

«የእርስዎ አዲስ ነው። የማኅበሩ ኮምፒዩተር ግን...»

«አታሟርቺ!» እንትፍ እንትፍ አሉ፣ ትከሻቸውን አራገፉ፣ «ከተከለከልኩ» የሚለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየለቀሙ አጠፉ። ከዚያ በላፕቶፓቸው አስነሱት። ሠራ። «አየሽ?» አሉኝ። «አጥር ሁሉ ተነስቶለት እንዴት እንደሚሮጥ!» ያን ቀን ምሳዬን ብቻዬን በላሁ፤ ሰው እንዲህ አድርጌ እንደምንቅ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሊሴ ራሷ መጣች። ከእንጭኒ አምቦ ድረስ መኪና እያቀያየረች። ቀጭን፣ አገጯን ቀና አድርጋ የምትሄድ፣ ለማንም የማትሽቆጠቆጥ ልጅ ናት። «አከም ጅርቱ» ብላ ሰላምታዋን ሰጠችና ሳትቀመጥ ነገሯን ጀመረች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሥራ ሊቀጥራት ነበር። የሠሩትን ያሳዩ ሲባል ይህን ኮድ አሳየች። «ይኼማ የአምቦው ኢንጂነር ሥራ ነው፤ እኛ ዘንድም በፍላሽ ደርሶናል፤ ስማቸውም ከላይ ተጽፏል» ብለው በሌባ ዓይን አይተው መለሷት። የሠራችው ሥራ ሌባ አስባላት። ሥራው ያንቺ መሆኑን ኢንጂነሩ ካመኑ ተመለሺ ብለዋታል።

ኢንጂነር እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ሻይ አዘዙ። «ልጄ» አሏት፤ እንጭኒ ዘመድ እንዳላቸው፣ አባቷንም ሳያውቋቸው እንደማይቀሩ ነገሯት።

«ኦቦ ፈይሳ» አለቻቸው፣ ኢንጂነር ሳትል። «መቃ ኮ ናፍ ዴቢሳ። ስሜን ይመልሱልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም። ቢሸጡትም ይሽጡት፣ ፈቅጃለሁ።»

«ስም ምን ያደርጋል? ዋናው አገልግሎቱ ነው።»

«ምንም የማያደርግ ከሆነ የእርስዎን ለምን ጻፉበት?»

ሳቄ አመለጠኝ። ኢንጂነር አልሰሙም መሰሉ። «ስምሽ ሲመለስ ያ ‹ቢበላሽ› የምትዪውም ይመለሳል። ደንበኛ ያስበረግጋል። ደግሞ በየቦታው ‹ከተከለከልኩ› ያልሽው ምንድን ነው? ወጣት ነሽ፣ ክፉ ክፉውን አታስቢ።»

የሌሊሴ ዓይን ያን ጊዜ ተለወጠ። «አጠፉት?» አለች። ወደ እኔ ዞራ «ያንን አጠፉት?» ብላ ደገመች። ስሟ ከመጥፋቱ ይልቅ ይኼ ያስደነገጣት መሰለኝ። «ኦቦ ፈይሳ፣ የጋራ ኮድ በሰው ፕሮግራም ውስጥ እንግዳ ነው። እንግዳ የጎደለውን ለባለቤቱ ይናገራል እንጂ ቤቱን በላዩ ላይ አያፈርስም። እኔ የጻፍኩት ‹አልቻልኩም› ብሎ እንዲናገር ነው።»

«ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ ልጄ። ነገ እናየዋለን።»

የኢንጂነር «ነገ» ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ከንግግራቸው ገባት። ሻይዋን ሳትነካ ወጣች። ደረጃው ላይ ደርሼባት አዝኛለሁ አልኳት። ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ሰጠችኝ። «ያልተነካው ይኼ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው አምቦ ውስጥ ትክክለኛው ይኑረው» አለች። ፍላሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲያ ከቦርሳዬ አልወጣም።

የማኅበሩ ምዝገባ ተመርቆ የሚጀመርበት ቀን አምቦ አዳራሽ ተከራየን። ከየቀበሌው የተወከሉ ገበሬዎች መጡ፤ ከየቢሮው ኃላፊዎች መጡ። ሽማግሌ ተነስተው መረቁ። የኮሚዩኒኬሽን ቢሮው ልጅ ካሜራውን ተክሎ ይቀርጻል። ማኅበሩ የራሱን ኮምፒዩተር አስመጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል፤ አሮጌ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ። አስቀድመን በዚህ ማሽን እንሞክረው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስለምን ብሰነብትም መልሳቸው «አታሟርቺ» ነበር። ያን ዕለት ጠዋትም ደግሜ ጠይቄ ያንኑ መልስ አገኘሁ።

ኢንጂነር ማይክ ጨበጡ። ስለ ሥራቸው ድካም፣ ስለ ስንት ዓመት ምርምራቸው ተናገሩ። «አሁን አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የምጫነው፤ አባሎቻችሁ በሙሉ ተስተካክለው ይወጣሉ» አሉና ተጫኑ። ማሽኑ አጓራ። ከዚያ ፕሮግራሙ ከስክሪኑ ላይ ድምጥማጡ ጠፋ። «መብራት ነው» አሉ፤ አምፖሎቹ ሁሉ በርተዋል። እንደገና ተጫኑ፣ እንደገና ጠፋ። «ቫይረስ ነው» አሉ። በሦስተኛው ኮምፒዩተሩ ራሱ ደርቆ ቀረ። ኋላ የተቀመጡ ገበሬዎች መንሾካሾክ ጀመሩ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አዴ ጫልቱ ተነሱ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሲቆሙ ግን ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ይህን ነገር የሠራው ማነው?»

ጠያቂዋ ተጠያቂ እየፈለጉ እንደሆነ ግልጽ ነበር። ኢንጂነር ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ። «እንጭኒ ያለች ሌሊሴ የምትባል መምህርት ናት የሠራችው። እኔ እንደመጣ ነው የተቀበልኩት።»

እንዲህ ነው። በምስጋና ቀን የፋቁትን ስም በውርደት ቀን ከነሀገሩ አስታወሱት። ለዚያች ልጅ ሻይ እየጋበዙ፣ «ልጄ» እያሉ የነፈጓትን ዓረፍተ ነገር፣ ጥፋት የሚሸከም ሲያስፈልጋቸው በማይክ፣ በካሜራ ፊት ሰጧት። ንቀቴ ያን ጊዜ ጫፍ ደረሰ፤ ደስታዬም እንደዚያው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የሚመለስ የለም።

እጄን አወጣሁ። «አዴ ጫልቱ፣ የሠራችው ሌሊሴ መሆኗ እውነት ነው። እንደመጣ ተቀበልኩት ያሉት ግን ውሸት ነው። የመጣው ይኸውና እጄ ላይ አለ፤ ልሞክረው?»

«አስቴር!» አሉ ኢንጂነር።

«ሞክሪው» አሉ አዴ ጫልቱ።

ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ፍላሹን ሰካሁ፤ የሌሊሴን ኮድ አስገብቼ ያንኑ ዝርዝር ሰጠሁት። ማሽኑ እንደ ቅድሙ አጓራ። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ጽሑፍ ወጣ፦ «ቦታ አልበቃኝም። ዝርዝሩን ከፋፍላችሁ ስጡኝ። እስካሁን የጠፋ ነገር የለም።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። ገበሬዎቹ ሳቁ፤ የሹፈት ሳቅ አልነበረም።

«ይቺስ ዱጋ፣ እውነት፣ ትናገራለች» አሉ አዴ ጫልቱ። «ያልቻለችውን አልቻልኩም አለች።»

በየቀበሌው ከፋፈልኩት። ስሞቹ ተራ በተራ ተስተካክለው ወጡ፤ ከታችም ሥራው የሌሊሴ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ ወጣ። አዴ ጫልቱ «ይህን ስም ማን ነው ያነሳው?» ሲሉ ሁሉም ወደ ኢንጂነር ዞረ። ኢንጂነር ትከሻቸውን በጣታቸው ጫፍ አራገፉ።

የኮሚዩኒኬሽኑ ልጅ እንደ ሁልጊዜው ቪዲዮውን ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ሌሊሴ አዲስ አበባ ሄዳ ለድርጅቱ አሳየችው። ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ሥራውን ግን ሰጧት። እኔ በማግስቱ ቢሮ ስገባ ኢንጂነር ከወንበራቸው ሳይነሱ «ያሟረትሽብኝ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ‹እንሞክረው፣ እንሞክረው› እያልሽ ጠራሽብኝ። ሟርትሽን ይዘሽ ሂጂልኝ።» ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፣ ይስቁልኛል፤ ቂም የሚባል ነገር የለባቸውም። ጥፋቱን የማያስታውስ ሰው ምን ቂም ይይዛል?

ደም ግፊት እንዳለባቸው የሰማሁት ከአምቦ ለቅቄ ጊንጪ ከገባሁ በኋላ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ካልወሰዱ ምን ሊመጣ እንደሚችልም ነገራቸው። «ለበሽታ ቀብድ አልከፍልም» ብለው መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውለት ወጡ። የጓጉንቸሩን ቁልፍ ለሻጩ እንደተዉለት ማለት ነው።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ ከአጠገቤ ናቸው። ሰው ጋብ ሲልላቸው ያለ ጥያቄ ማውራት ጀመሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሕፃን ሆኖ ታሞ ነበር። ሐኪም በራፍ ላይ ቆሞ «ላይተርፍ ይችላል» ሲል ኢንጂነር ሰሙ። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞተ። «ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይሸሻል። የገደለው ቃሉ ነው ይል ነበር» አሉኝ። ለዚያ ልጅም፣ ለዚያ ወጣት አባትም አዘንኩ። ንቀቴ ግን አልሄደም። ሐዘን ስም መፋቅን አያስተምርም፤ ልጃቸውን ያጡ ስንት ሰዎች የሰው ሥራ ሳይነኩ ይኖራሉ። ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ ተቀምጠውብኝ ነው ከድንኳኑ የወጣሁት።

ሌሊሴ ከውጭ ትጠብቀኝ ነበር። አሁን አብረን ነው የምንሠራው፤ የዚያ የጋራ ኮድ ጠባቂዎች እኔና እሷ ነን፤ አንዳችን የጻፍነውን ሌላዋ አይታ ካላጸደቀችው አይገባም።

«የሕይወት ታሪኩን ሰማሽ?» አልኳት። «ቪዲዮውን ያየ ከተማ ሙሉ ሰው እኮ ነው ቆሞ ያለቀሰው!»

«ሰምቻለሁ።»

«ምንም አልተሰማሽም?»

«ዱጋ ልንገርሽ? ተናድጃለሁ» አለች። «ግን ቀብር ላይ ተነስቼ ‹መቃ ኮ፣ ስሜን› ልል አልችልም። ስሜ እንደሆነ ኮዱ ላይ በቦታው አለ።» ከዚያ መኪናው ሊሄድ ነው ብላ ተሰናበተችኝ።

ከሳምንት በኋላ የምናጸድቀው አዲስ ለውጥ ላከችልኝ። አንድ መስመር ነው። ፋይሉ መጨረሻ ላይ «የረዱን» ብለን ስም የምንዘረዝርበት ቦታ አለ፤ ስህተት የጠቆመም፣ አንድ ቃል ያረመም ሁሉ ይጻፍበታል። እዚያ ሥር እንዲህ ጨምራለች፦ «ኦቦ ፈይሳ፣ አምቦ። ቦታ መከልከል ሲዘነጋ ምን እንደሚሆን በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አሳይተውናል።»

ወዲያው ደወልኩላት። «ይኼ ምስጋና ነው ስድብ?»

«እውነት ነው» አለችኝ። «ከዚያ ቀን በፊት የጻፍኩትን ጥንቃቄ ራሴም ፈትኜው አላውቅም ነበር። ዛሬ እያንዳንዱን ለውጥ ስንቀበል ሆን ብለን ሚሞሪ እየከለከልን እንፈትነው የለ? ያንን ፈተና የጻፍኩት በእሳቸው ምክንያት ነው።»

«ሰብረው እኮ ነው የረዱሽ!»

«ሌላ የረዳን ሰው ሁሉ ምን አድርጎ መሰለሽ? አንዱ ጋ ተሰበረ፣ ነገረን። እሳቸው ሳይነግሩን ሰበሩ። ካልፈለግሽ አታጽድቂው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ስማቸው ስክሪኔ ላይ ነው፤ ኢንጂነር የሚል የለበትም። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብጫን ከዚህ ሥራ ላይ ለዘላለም ይጠፋሉ፤ ማንም አይጠይቀኝም፤ ይገባቸዋልም። ወንበሬን ገፍተው በሁለት ጣታቸው ሲያጠፉ ያየሁት ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያስጠላኝ።

አጸደቅኩት። ስም መፋቅ የእሳቸው ሙያ ነበር፤ እኔ አልወርሰውም።